ከመደብ ወደ ምድጃ ዳር



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ቋንቋ ለመማር ብሎ ባዕድ ቤት ገብቶ ስለሚቀመጥ ተማሪ ነው። ይህ ሲነሳ አብዛኞቻችን የሚታየን የእኛ ልጅ ሻንጣውን ይዞ ከአንድ የፈረንሳይ ቤተሰብ ደጅ ሲቆም ነው። እኔ ከወዲህኛው ደጅ እጀምራለሁ። ፈረንሳዊው ወጣት መጥቶ፣ የጎጃም ቤት ተቀብሎት፣ በአማርኛ ሲኖር ከርሞ የሄደበት ታሪክ አለና። ዓመቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ልናገር።

በ1838 መጀመሪያ ሁለት ወንድማማቾች ምጽዋ ላይ ከመርከብ ወረዱ። ታላቁ አንቷን ዳባዲ የ28 ዓመት፣ ታናሹ አርኖ ዳባዲ የ22 ዓመት ወጣት ነበሩ። አባታቸው የፈረንሳይ ባስክ፣ እናታቸው አይርላንዳዊት ናቸው፤ ደብሊን ተወልደው ፈረንሳይ አድገዋል። ጎንደር ሲደርሱ ቤቱን የከፈተላቸው ሊቅ አጽቁ የሚባል የታወቀ የሕግ አዋቂ ነበር። ታላቁ ወንድም የተሻለ የመለኪያ መሣሪያ ፍለጋ ወደ አውሮፓ ሲመለስ ታናሹ እዚሁ ቀረ። ቀጥሎም ወደ ዳሞትና ጎጃም ተሻግሮ የአገሩ ገዥ ወደነበሩት ወደ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ቤት ገባ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነው እኔን የሚደንቀኝ። ደጃዝማች ጎሹ ወጣቱን እንደ ብርቅ እንግዳ አስቀምጠው አላዩትም፤ እንደ ልጅ ያዙት። የአገሩን ልብስ ለበሰ፣ ከሠራዊቱ ጋር ዘመተ፣ ጭፍራ ታዘዘለት። ሰዉም «ራስ ሚካኤል» ብሎ ጠራው። በእንዲህ ያለ ሰፈር የሚኖር ሰው አማርኛ የሚያስፈልገው ለበቅሎው ገፈራ ለመጠየቅ፣ ሁለት ጭፍሮች ሲጣሉ ነገራቸውን ለመስማት፣ ማታ ግብር ላይ ነገር ሲወረወርበት መልስ ለመመለስ ነው። ካልመለሰ ይናቃል፤ ከመለሰ ሰው ይሆናል። ሰዋስው ከዚህ የበለጠ አስገዳጅ አስተማሪ የለውም።

አርኖ በ1868 ፓሪስ ላይ «በላይኛው ኢትዮጵያ የአሥራ ሁለት ዓመት ቆይታ» የሚለውን መጽሐፉን የመጀመሪያ ክፍል አሳተመ። የቀረው ጽሑፍ ከመቶ ዓመት በላይ ሳይታተም ቆየ። የዚያን ዘመን አገራችንን የጻፉ ሌሎች መንገደኞች ብዙዎቹ ያዩትን ተራራና የከፈሉትን ቀረጥ ይቆጥራሉ። አርኖ የሚተርከው ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚባባሉትን ነው፤ ሙግቱን፣ ሽምግልናውን፣ የጌታና የአሽከሩን ንግግር። ይህን ከአስተርጓሚ አፍ መልቀም አይቻልም። ደጃዝማች ጎሹ በ1852 ጉር አምባ ላይ ከካሳ ኃይሉ፣ በኋላ አጼ ቴዎድሮስ ከተባሉት፣ ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ከእኚህ ጌታ ቤት ሕያው ንግግር ብዙ የቆየልን ያ በቤታቸው ያደረ ወጣት ጆሮ ስለነበረው ነው።

ታላቁ ወንድም ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። ተራራ የሚለካ፣ የብራና መጽሐፍ የሚያሰባስብ፣ የየአገሩን ቃል የሚመዘግብ። ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍቱ ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላቱን ያሳተመው በ1881 ነው፤ ከአገራችን ከወጣ ከ30 ዓመት በላይ አልፎት። በአትላንቲክ ዳር፣ አንዳይ በምትባል ከተማ፣ ያሠራው ግንብ ቤት ዛሬም አለ። በግድግዳው ላይ አማርኛ ተጽፎበታል። በመመገቢያ ክፍሉ ወንበሮች ጀርባ ላይም የእኛ ፊደላት አንድ አንድ ሆነው ተቀርጸዋል፤ ወንበሮቹ ሲደረደሩ በዚያ ማዕድ ዙሪያ ከሃዲ እንዳይገኝ የሚመኝ ዓረፍተ ነገር ይነበባል። የእኛን ፊደል ከእራት ገበታው ዙሪያም አስቀመጠው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ወደዚህ ወደ ራሳችን የቅኔ ትምህርት ቤት ልምጣ። ጎጃም ቋንቋ ተማሪ በማሳደር ከማንም የተማረው ነገር የለም፤ ሲያሳድር የኖረው ራሱ ነው። ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከጎንደር የመጣ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ጎንጅ፣ ዋሸራ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ የሚገባው ቅኔ ፍለጋ ነው። ቅኔ ማለት ደግሞ ግእዝን መናገር ሳይሆን ግእዝን በየቀኑ መፍጠር ነው። ልጁ ግሡን ይይዛል፤ ከዚያ ገና ሁለት ቤት በምትሆነው በጉባኤ ቃና ጀምሮ ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ይቆጥራል፤ ሲመሽ የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ያርሙታል፤ ጓደኞቹ ይሰሙታል። ነገ ደግሞ አዲስ። ማንም የሚናገረው በሌለበት ዘመን ግእዝን በሕይወት ያቆየው ይህ የዕለት ተዕለት ግዴታ ነው።

ነገር ግን የዚያ ትምህርት ቤት ግማሹ ከቅጥሩ ውጭ ነበር። የቆሎ ተማሪ ማታ ማታ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ሲቆም የሚሰጠው ቁራሽ ብቻ አይደለም። የቤቱ እመቤት «የማን አገር ልጅ ነህ? እናትህ አለችን?» ትለዋለች። አማርኛው ተሰባብሮ የመጣ ልጅ በዚያ ደጅ ላይ መልስ መስጠት አለበት። ከብት አስገባልኝ፣ ውሃ ቅዳልኝ፣ ደብዳቤ አንብብልኝ ትለዋለች። የመጻሕፍቱ ትርጓሜ በአማርኛ የሚሰጥ ስለሆነ ያለዚህ ደጅ ትምህርቱ አይሞላለትም ነበር። እነዚያ እናቶች የቋንቋ መምህራን መሆናቸውን ማንም አልነገራቸውም። እኔ ዛሬ ልናገርላቸው እፈልጋለሁ፤ የሚገባቸውን ስም ሳያገኙ ያለፉ ታላላቅ መምህራን ናቸው።

እዚህ ከደብረ ማርቆስ አጠገብ በጎዛምን እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ የወጡት ከዚህ ሥርዓት ነው። ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ዲማ ተዘዋውረው ቅኔ ተምረው፣ በኋላ አዲስ አበባ ወርደው ዘመናዊ ትምህርት ገቡ፤ እስከ አምባሳደርነትም ደረሱ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለዳቸውን ያነበበ ሁሉ የሚያውቀው የሰው አነጋገር ችሎታቸው፣ መኳንንቱን በመኳንንት አንደበት፣ ገበሬውን በገበሬ አንደበት ማናገራቸው፣ በብዙ ቤት ደጅ ቆሞ የሰማ ሰው ችሎታ ነው ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ እያወቅን ዛሬ ቋንቋ ተማሪ ሲመጣብን ምን እናደርጋለን? መደቡ ላይ አጎዛ እናነጥፋለን። የመጀመሪያውን እንጀራ ለእሱ እናወጣለን። «ብላ፣ በሞቴ» እንለዋለን፤ እናጎርሰዋለን። «እንደምን ዋላችሁ» ካለ ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ ይሞላል፤ «ጎሽ! አማርኛማ ጨርሷል!» እንላለን። ሁለት ዓመት ተቀምጦ እዚያው ሰላምታው ላይ የቀረ ስንት ፈረንጅ አይተናል። ጥፋቱን በእሱ ስንፍና ስናሳብብ ኖረናል። እኔ ግን ግማሹ የእኛ ነው እላለሁ። ይሉኝታችን አላሳረመውም። ተሳስቶ ሲናገር ፊቱን ማሳፈር መስሎን በዝምታ እናልፈዋለን፤ የተናገረውን በግምት እንረዳለን፤ እሱም ትክክል የተናገረ መስሎት ስሕተቱን ይዞ ይኖራል።

ወጣቶቻችን ደግሞ ሌላ ይጨምራሉ። እንግዳውን እንግሊዝኛ መለማመጃ ያደርጉታል። እሱ በአማርኛ ይጀምራል፣ እነሱ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ። ፍላጎታቸውን አልነቅፍም፤ የሚለማመዱበት ሌላ ሰው የላቸውም። ግን ሰዓት ይከፈል። ከምሳ በፊት ያንተ ቋንቋ፣ ከምሳ በኋላ የእኔ ቢባል ሁለቱም ያተርፋሉ። ሳይነጋገሩ ከተተወ ጉልበት ያለው ቋንቋ ደካማውን ይውጠዋል፤ በዓለም ላይ ጉልበት ያለው የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ።

በቤቱ ውስጥ ከሁሉ የተሻለ መምህር የአምስት ዓመት ልጅ ነው። ልጅ ይሉኝታ የለውም። «እንደሱ አይባልም!» ብሎ ይጮኻል፤ አሥር ጊዜም ይደግምለታል፤ አይሰለችም። ሁለተኛዋ መምህርት ሥራ የበዛባት ሴት ናት፤ ጊዜ ስለሌላት «ያንን አምጣ፣ ይኸን ያዝ፣ እሳቱን አቀጣጥል» ትላለች፤ ተማሪው ቃሉን ከዕቃው ጋር አንድ ላይ ይይዘዋል። ስለዚህ ቋንቋ ተማሪ ከመደብ መውረድና ምድጃ ዳር መቀመጥ አለበት። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። አባባሉ የተነገረው እንግዳው ቤቱን እንዳያከብድ ነው። ቋንቋ ተማሪን የሚጠቅመው ግን ያ የብረቱ ቀን ነው፤ ያን ቀን የቤቱ ሰው መተያየት ትቶ መነጋገር ይጀምራል።

አሁን የእኛን ልጅ ወደ ፈረንሳዩ ቤት እንላከው። ፈረንሳይኛ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶቻችን ሲነገር የኖረው እሱ ነው፤ የጅቡቲው ባቡር ሥራም በእሱ ነበር፤ ሊሴ ገብረ ማርያም ከ1947 ጀምሮ በአዲስ አበባ ያስተምራል። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ግን የፈረንሳይ ቤት የሚገባ ልጅ ሰዋስው ያላስተማረው ሁለት ነገር ይጠብቀዋል።

አንዱ እራት ነው። በዚያ አገር ቤተሰቡ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ሁለት ሰዓት አካባቢ ገበታ ዙሪያ ይቀመጣል፤ ምግቡ በየተራ ይመጣል፤ ወሬው ከምግቡ ይረዝማል። ልጆች አብረው ይከራከራሉ፤ አባትን መቃወም ነውር አይደለም። የእኛ ልጅ በትልቅ ፊት ዝም ማለትን እንደ ጨዋነት የተማረ ነው። አንገቱን ደፍቶ ይበላል። አስተናጋጆቹ ዝምታውን አዝኖ ወይም ቤታቸውን ጠልቶ ነው ብለው ይተረጉሙታል። ደግሞ ምግብ ሲቀርብለት እንደ አገሩ «ይበቃኛል» ይላል፤ ሦስቴ እንዲለመን ይጠብቃል። እዚያ ማንም አይለምነውም፤ ሳህኑ ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል፤ ልጁ ጾሙን ያድራል። ወላጆች፣ ልጃችሁን ከመላካችሁ በፊት ይህን ንገሩት። በመጀመሪያው ጥያቄ «አዎ፣ እፈልጋለሁ» ማለት እዚያ ስግብግብነት አይባልም።

ሁለተኛው ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ከመጣም የሁዳዴው 55 ቀን፣ ቅቤና አይብ ዕለት ተዕለት በሚበላበት ቤት ውስጥ። ይህን ደብቆ መከራውን ብቻውን የሚያይ ልጅ አለ፤ ሌላው ደግሞ አፍሮ ይተወዋል። ሁለቱም ትልቅ ዕድል ያመልጣቸዋል። ለምን እንደሚጾም፣ ምን እንደሚበላና እንደማይበላ፣ በየትኛው ቀን እንደሚፈታ ለቤቱ እናት ማስረዳት የልጁ የመጀመሪያ እውነተኛ የፈረንሳይኛ ንግግር ይሆናል። እሷ የምትጠይቀው እውነት ማወቅ ፈልጋ ነው፤ እሱም የሚመልሰው ለራሱ የሚያስፈልገውን ነው። የክፍል ውስጥ ንግግር የሚጎድለው ይህ ነው።

ስለ ስልክም አንድ ነገር ልበል። ልጁ ቀኑን በትምህርት ቤት ውሎ ማታ ክፍሉን ዘግቶ ከእናቱ፣ ከእኅቱ፣ ከጓደኞቹ ጋር በቴሌግራም ሲያወራ ካመሸ አልጋው ብቻ ነው ፈረንሳይ ያለው። ናፍቆቱ ይገባኛል፤ የእናትም አንጀት ይገባኛል። ሆኖም እናቶች፣ በሳምንት አንድ ቀን ቀጥሩለት፤ የቀረውን ማታ ለዚያ ቤት ልቀቁለት።

ልጁ የሚሄደውም ባዶ እጁን ሆኖ ለመቀበል ብቻ አይደለም። በ1652 የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ጀርመን አገር ጎታ ከተማ በመስፍኑ ግንብ ተቀምጠው ሂዮብ ሉዶልፍ ለሚባለው ሊቅ የቋንቋችንን ምሥጢር አስተምረዋል። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው በዓለም የመጀመሪያው የታተመ የአማርኛ ሰዋስው ነው፤ ከኋላው ያሉት እኚህ አባት ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 ባሕር ላይ አለፉ፤ መጽሐፉን አላዩትም። በሰው ቤት እንግዳ ሆኖ የቤቱን ጌታ ማስተማር እንደሚቻል ግን አሳይተዋል።

የሚያሳዝነውንም መናገር አለብኝ። ቋንቋ ቁልፍ የሚሰጠው ለደጉም ለክፉውም ነው። ማርሴል ግሪዮል የሚባለው ፈረንሳዊ ፓሪስ ላይ ከቋንቋ ሊቁ ከማርሴል ኮኸን ግእዝና አማርኛ ተምሮ በ1928ና በ1929 ጎጃም መጣ፤ የአገሩ ገዥ የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት እንግዳ ሆነ። ራስ ኃይሉ ራሳቸው በ1924 ከራስ ተፈሪ ጋር ፓሪስን አይተው ነበርና እንግዳውን ከነአገሩ ያውቁታል። ግሪዮል ስለዚያ ጉዞ መጽሐፍ ጻፈ፤ ታወቀበትም። በ1932 ግን እሱ የሚመራው ቡድን ጎንደር ላይ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ጥንታዊ ሥዕሎች ከግድግዳቸው አንሥቶ ፓሪስ ወሰደ፤ በቦታቸው የቡድኑ ሠዓሊ የሠራቸው አዲስ ሥዕሎች ተተኩ። የተወሰዱት ሥዕሎች ዛሬም ፓሪስ ናቸው። ቤትን መክፈት አደራ መስጠት ነው፤ አደራው የተበላበት አገር መጠራጠሩ አይፈረድበትም። ለዚህ ነው እንግዳ የሚቀበል ቤት ማን እንደሚመጣበት፣ ማን እንደላከው፣ ለማን እንደሚከሰስ አስቀድሞ ማወቅ የሚገባው። ሴት ልጅን ለሚልክ ወላጅ ደግሞ ይህ በእጥፍ የሚያስፈልግ ነው፤ የምትገባበትን ቤት ሰው ሄዶ ያላየላት ልጅ መላክ የለባትም።

ቢሆንም ደጁን እንዝጋ የሚለውን ምክር አልቀበልም። ፈረንሳይና ጀርመን ከ1870 እስከ 1940 ባሉት 70 ዓመታት ሦስት ጊዜ ተፋጅተዋል። በጥር 1963 የሁለቱ አገሮች መሪዎች ሻርል ደ ጎልና ኮንራድ አዴናወር የወዳጅነት ውል ሲፈራረሙ በዚያው ዓመት ያቋቋሙት አንድ የወጣቶች ልውውጥ መሥሪያ ቤት ነበር። አባቱ በጀርመን ጥይት የወደቀ ልጅ ጀርመን ቤት ገብቶ እራት በላ፤ ጀርመናዊውም እንዲሁ። ከዚያ ወዲህ ሚሊዮኖች አልፈውበታል።

ይህን የምናገረው ስለ አውሮፓ ብቻ እንድናስብ አይደለም። የእኛ ልጅ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ይመደባል፤ አራት ዓመት በዶርም ከአገሩ ልጆች ጋር ኖሮ አፋን ኦሮሞ ሳይሰማ ይመለሳል። ወላይታ የተመደበው ወላይትኛ፣ መቀሌ የተመደበው ትግርኛ ሳይዝ ይመለሳል። ወደ እኛ የተላከውም ልጅ የደብረ ማርቆስን አንድ ቤት ከውስጥ ሳያይ ተመርቆ ይሄዳል። ከትግራይ የመጣው የቆሎ ተማሪ በደጃችን ያገኘውን ይህ ልጅ አላገኘም። ባለፉት ዓመታት ስለ ተዋጋን፣ ስለ ተፈራራን፣ ልጅ ወደዚያ ልኮ እንቅልፍ የማይወስደው ወላጅ በዚህ አዳራሽ ስንት እንዳለ አውቃለሁ። መንገዱ ምን እንደሚመስልም ለእናንተ የሚነገር አይደለም። ሰላሙ እስኪሞላ ስለ ቤት ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ሊኖር ይችላል። እኔ ሰላሙ ከሚሞላባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው ባይ ነኝ፤ አንድ እናት የበላበትን ሳህን ያጠበችለትን ልጅ አገር እንደ ጠላት አገር መስማት ይከብዳታል።

ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ዩኒቨርሲቲያችን አንድ መዝገብ ይክፈት። በግቢው ካሉት የሌላ አካባቢ ተማሪዎች አማርኛቸውን ማጥራት የሚፈልጉት፣ አማርኛ ከሚያስተምሩት ከፓሪስና ከሐምቡርግ ተቋማትም የሚመጣ ቢኖር እሱም፣ በአንድ ወገን ይመዝገቡ፤ ቤታቸውን የሚከፍቱ ቤተሰቦች በሌላው። የምግብ ወጪ ይተካላቸው፤ የሆቴል ዋጋ ግን አይተመን፤ ከፋይ የሆነ እንግዳ መልሶ መደብ ላይ ይወጣል። ለተማሪው አልጋ፣ ከቤተሰቡ ጋር አንድ ገበታ፣ አንድ የቤት ሥራ ይሰጠው። ውሃ መቅዳትም ቢሆን፣ ልጆችን ትምህርት ቤት ማድረስም ቢሆን። ቤተሰቡ ሲመዘገብም ስንት ክፍል እንዳለው ከመጠየቁ በፊት በቤቱ ከአሥር ዓመት በታች የሆነ ልጅ መኖሩ፣ ማታ ሁሉም አብሮ መብላቱ፣ እንግዳው ሲሳሳት ደፍሮ የሚያርመው ማን እንደሆነ ይጠየቅ። መዝገቡን ለመያዝ የተማሪዎች ክበብ ይበቃል፤ በመጪው መስከረም የመጀመሪያዎቹ አምስት ቤቶች ከተገኙ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።